የዓሣው አፍና የጅሬን ታዛ፦ የአራት ቀን የጅማ ማስታወሻ

በዣክ ታቲ «አጎቴ» ፊልም (1958 እ.ኤ.አ.) ውስጥ ከተዋንያኑ እኩል የሚተውኑ ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው የአርፔል ባልና ሚስት ቪላ ነው፦ ግራጫ፣ ጠርዙ ሁሉ በማስመሪያ የወጣ የሚመስል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ እንደ ዓይን ሁለት ክብ መስኮቶች ያሉት። ግቢው ባለ ቀለም ጠጠር ተነጥፎበታል፤ መሀሉ ላይ ውኃ ወደ ላይ የሚተፋ የብረት ዓሣ ቆሟል። ዓሣው ሁልጊዜ አይሠራም። የበሩ ደወል ሲደወል እመቤቲቱ ማብሪያውን ትጫናለች፤ የመጣው ሰው ክብር የማያሻው ከሆነ መልሳ ታጠፋዋለች።

ሁለተኛው የባልና ሚስቱ ልጅ አጎት የሆነው የሙሴ ኡሎ መኖሪያ ነው፦ ክፍል በክፍል ላይ የተደራረበበት አሮጌ ቤት። ኡሎ ጣሪያው ሥር ወዳለችው ክፍሉ ሲወጣ አንዴ እግሩ፣ አንዴ ባርኔጣው በየመስኮቱና በየደረጃው ብቅ ጥልቅ ሲል ከመንገድ ይታያል።

ቪላው ኒስ ውስጥ በቪክቶሪን ስቱዲዮ ለፊልሙ ብቻ የተሠራ ነበር። ንድፉን ከታቲ ጋር ያወጣው ሠዓሊው ዣክ ላግራንዥ ነው። ቀረጻው ሲያበቃ ስለፈረሰ፣ ያፈስ አያፈስ ኖሮበት ያወቀ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ቤት ይምረጥ ወይስ ይተው ለሚል ሰው ጥያቄውን የሚፈታለት ቦታ ጅማ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት፣ እንጨትና አናጢ ያላነሳት ከተማ ናት። ጅሬን ኮረብታ ላይ ደግሞ በእንጨት በረንዳውና በፎቁ ለኡሎ ቤት የሚቀርብ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በዝናብ የተፈተነ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ጉዞው የተደረገው በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ ነው።

ረቡዕ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

አውቶቡሱ የተነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ትኬቱ 850 ብር። እስከ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚነገር ነገር አልነበረውም። ከወሊሶ በኋላ ግን ቤቶቹ መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ወልቂጤ ሲቃረብ ከእንሰቱ ጓሮ ፊት ክብ የጉራጌ ቤቶች ይታያሉ።

እነዚህ ቤቶች ጣሪያ ምን እንደሆነ ያስተምራሉ። መሀል ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ ይቆማል፤ የጣሪያው እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከእሱ ወደ ዳር ይወርዳሉ። የሣር ክዳን ውኃ እንዲጥል ተዳፋቱ ቢያንስ 45 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ውኃው ሣሩ ውስጥ ያድራል፣ ሣሩም ይበሰብሳል። ምድጃው ሌላው ጠባቂ ነው፤ ጭሱ ክዳኑን እያደረቀ ነፍሳትን ያባርራል። እሳት የማይነድበት፣ ለጉብኝት ብቻ የተሠራ የሣር ጎጆ ሰው ከሚኖርበት ቀድሞ የሚያረጀው ለዚህ ነው። ቤት ሲኖሩበት ይጠነክራል ቢባል በሣር ቤት ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ወልቂጤ ላይ ምሳ ክትፎ በቆጮ፣ አይብና ጎመን ከጎኑ፤ 650 ብር። አዲስ አበባ በዚያ ገንዘብ የሚቀርበው ሥጋ ከዚህ ያንሳል፤ ቆጮው ደግሞ እዚህ በዕለቱ የተጋገረ ስለነበር ሳይደርቅ ይቆረሳል።

የጊቤ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ሸራ መሽተት ጀመረ። ሾፌሩ ሳይከራከር ጥግ ይዞ ቆመ፤ 40 ደቂቃ ጠበቅን። ትክክል ነበር፤ የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ ደፍቶ መሄድ ታምቡሩን ይሰነጥቀዋል። እዚያ ቆላ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ያሉት የቆርቆሮ ክዳኖች በፀሐዩ ጠሽ፣ ጠሽ ይሉ ነበር። ቆርቆሮ ሲሞቅ ይለጠጣል፦ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ክዳን ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ማታ መልሶ ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የምስማሩን ቀዳዳ ያሰፋዋል። ስለዚህ ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጀርባ ላይ ነው እንጂ ውኃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ አይደለም፤ ከራሱም ሥር የላስቲክ ቁራጭ ይገባል። ቦይ ውስጥ የተመታ ምስማር በሁለት ሦስት ክረምት ማንጠባጠቡ አይቀርም።

ከአበልቲ በኋላ መንገዱ ይቀዘቅዛል። ሰኮሩን አልፈን ወደ አሰንዳቦ ስንቀርብ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ከሩቅ አበራ። ክብ ቤት ከዚህ በኋላ ይሳሳል፤ አራት ማዕዘን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊቱ በረንዳ ያለው ቤት ይበዛል። ሰርቦን ስናልፍ ዝናብ ያዘን። ጅማ የገባነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዝን በኋላ ነው።

ያረፍንበት ቤት እመቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው፣ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁን። «ጫማችሁን እዚሁ ተዉት ልጆቼ፤ ቁጭ በሉ፣ እርጥብ ልብስ ይዞ ሳሎን አይገባም» አሉ። ለመኝታ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መምጣት ግን ይታወቃል። ቡና ቀላ አቀረቡ፦ የደረቀ የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። በእፍኝ ተይዞ ይታኘካል፤ ገለፈቱ ይጣፍጣል፣ ውስጡ ይመርራል። ቡናው ራሱ ከዚያ በኋላ ሦስት ዙር መጣ።

ሳሎኑ በበሩ ይታያል፦ በዳንቴል የተሸፈኑ ሶፋዎች፣ ቡፌው ውስጥ በመስመር የቆሙ ብርጭቆዎች። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም። የአርፔሎችን ዓሣ ፊልም ላይ ስናይ እንገረማለን እንጂ፣ ሳሎን የሚባለው ክፍል በየቤታችን ያለ ዓሣ ነው፤ ለክቡር እንግዳ ብቻ ይበራል። ቤተሰቡ የሚበላውም፣ ልጆቹ የሚያጠኑትም፣ ጎረቤት የሚሸመገለውም በረንዳው ላይ ነበር።

ቤቱ አንድ ሕመም አለበት። የግራው አሸንዳ ጫፉ ተቆርጦ ስለቀረ ውኃው ከከፍታ መሬቱን ይመታል፤ የተፈናጠረው ጭቃ ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ አጥቦታል። ልስኑ ወድቆ ማገሩ ይታያል። ይህ ነገር ነገ ለሚመጣው መነሻ ሆነ።

ሐሙስ፤ ሒርማታ ገበያ

ሐሙስ የሒርማታ ትልቅ የገበያ ቀን ነው፤ ስሙም ከጥንት የንግድ መንገዶች ጋር የተያያዘ ነው። ቅመሙንና ማሩን አልፎ ወደ እንጨቱ መሄድ ይሻላል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጥሩ ጥሩው ይነሣል።

እንጨት የሚገዛ ሰው ይህን ይያዝ። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፣ ለመሬት ቋሚ ከሱ የሚሻል ጥቂት ነው። ወይራም እንደዚያው፣ ግን ቀጥ ያለና ረጅም አይገኝም። ዋንዛ ለመላግ ቀላል፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም ስለሆነ ለበር፣ ለመስኮትና ለወንበር ተመራጭ ነው። ዝግባ መልኩ ያምራል፣ ሆኖም ለዝናብና ለምስጥ ስለሚሸነፍ ከቤት ውስጥ አይውጣ። ለጋ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሳይታከም መሬት ከገባ ምስጥ ለመጨረስ ብዙ ዓመት አይፈጅበትም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነውና፣ ከገበሬ ማሳ የወጣ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ከሁሉም ይበልጣል፦ ደርቆ ያለቀ ስለሆነ ከእንግዲህ ብዙም አይጣመምም።

የጅማ ወንበር ሰሪዎች ዳር ላይ ናቸው። ባለ ሦስት እግሩ ወንበር ከአንድ ግንድ ይጠረባል፤ ማጣበቂያም ምስማርም የለውም። ሦስት እግር የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ሦስት እግር አይንገዳገድም። እንጨቱ የሚጠረበው እርጥብ ሳለ ነው፤ ከዚያ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ እስከ መሀል ይሰነጠቃል። ትንሹ ወንበር 1,200 ብር ተብሎ በ1,000 ሄደ። ሲገዙ ገልብጦ ማየት ነው፤ በሰም የተደፈነ ስንጥቅ በጥፍር ሲነኩት ይለያል።

የአርፔል ቪላ ዓይነት ክብ መስኮት እዚህ ይሠራ ይሆን ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘነው እዚሁ፣ አንድ ሸምገል ያሉ አናጢ ዘንድ ነው። «ጋሼ፣ ውስጡ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ መስኮት ቢታዘዝ ይሠሩታል?» ሲባሉ ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አነሡና እዚያው ሣሉት። ሥራው እንዲህ ነው። ወፍራም ጣውላ እንዲሁ በክብ አይጎብጥም፤ ስለዚህ ክቡ በስምንት ቁራጭ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 45 ዲግሪ ይይዛል። የክፈፉ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የአንዱ ቁራጭ ርዝመት በውጭ በኩል 36 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ቅስቱን ለማውጣት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.5 ውፍረት ያለው ጣውላ ይገዛል። ስምንቱ ቁራጭ አንድ ቀለበት ነው። በላዩ ሌላ ቀለበት ይደረባል፤ የላዩ መጋጠሚያ በታችኛው ቁራጭ ወገብ ላይ እንዲያርፍ ይዞራል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከወደቀ ክፈፉ እዚያው ይከፈታል። በጠቅላላው 16 ቁራጭ፤ ሁለት ባለ 4 ሜትር ጣውላ አራት ቁራጭ አትርፎ ይበቃል። የዋንዛ ጣውላው አንዱ 700 ብር ነበር።

ውድ የሚያደርገው እንጨቱ አይደለም፤ የሁለት ቀን የእጅ ሥራና የመስታወቱ ብክነት ነው። መስታወት ቤት የሚያስከፍለው የካሬውን ሙሉ ዋጋ ነው፤ ጥጎቹ ተቆርጠው ይጣላሉ። ከዚህ የሚከፋው ውኃ ነው። በአራት ማዕዘን መስኮት ሥር ውኃ የሚጥል ደፍ ይሠራል፤ ክቡ ግን ታችኛው ሆዱ ሳህን ስለሆነ ውኃ ያቁራል። መፍትሔው በክፈፉ የመጨረሻ ዝቅ ያለ ነጥብ ላይ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወደ ውጭ አዘንብሎ መብሳት፣ ከላይ ደግሞ የቆርቆሮ ቅንድብ መስጠት ነው። የአርፔል ቪላ ዓይኖች ቅንድብ የላቸውም። ጅማ ላይ ይበሰብሱ ነበር።

ከአናጢው ጎን ቆርቆሮ ቀጥቃጮች አሉ፦ አሸንዳ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የከሰል ምድጃ። የእማማ አሸንዳ ጫፍ እዚያ ታዘዘ፤ ዓሣ እንዲመስል ሆኖ፣ ውኃውን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር አርቆ የሚተፋ። 900 ብር፤ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል ተባለ።

ዓርብ፤ ጅሬን

ጅሬን ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባጃጅ በኮንትራት፣ ጠብቆ መመለስን ጨምሮ 500 ብር ጠየቀ። ዳገቱ ላይ ሦስት ሰው ለጫነ ባጃጅ ከባድ ስለሆነ የመጨረሻውን ጥቂት ሜትር በእግር መውጣት ለሞተሩም ለወገብም ይሻላል። ዓርብ ስለሆነ ከጁምዓ በፊት ለመጨረስ በጠዋት ወጣን።

ቤተ መንግሥቱ የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ግቢው አንድ ቤት ሳይሆን የቤቶች ስብስብ ነው። ትልቁ ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን የሰውን ዓይን የሚይዘው እንጨቱ ነው፦ በረንዳው፣ መደገፊያው፣ የተቀረጸው ጌጥ። በየዘመኑ ተጠግኗል፤ እንጨት ያወቀ ዓይን አሮጌውን ከአዲሱ በመጋዙ ፈለግ ይለየዋል። በመጥረቢያና በመላጊያ የተሠራ ጣውላ ፊቱ ላይ ትናንሽ ሞገድ አለው፤ በማሽን የወጣው ልሙጥ ነው።

ፎቁ ላይ ቆሞ የጅማን ሜዳ ማየት ቤቱ ለምን እንደሚወደድ ወዲያው ያስረዳል። አንድ ሰው በረንዳው ዞሮ ሲሄድ ከግቢው ይታያል፤ ከቋሚ ጀርባ ይጠፋል፣ እንደገና ይወጣል። ኡሎ ደረጃውን ሲወጣ ደስ የሚለን በዚሁ ምክንያት ነው። ቤቱ ሰውን አይደብቅም። የአርፔል ቪላ ደግሞ ማታ ባልና ሚስቱ በክቡ መስኮት ሲመለከቱ ጭንቅላታቸው የዓይን ብሌን ይሆናል፤ ሰውየው ሳይሆን ቤቱ ነው የሚያየው።

ማማር አንድ ነገር ነው፤ መኖር ሌላ። 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰማዩ ተከፈተ፤ እኛም ለመመለስ በረድ እስኪል ከግቢው ውጭ አንድ የሻይ ቤት ታዛ ሥር ተጠለልን። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ በ45 ዲግሪ ያህል ይወርድ ነበር፤ ለስሌት ከዚህ የሚመች ማዕዘን የለም። በዚህ ማዕዘን፣ ታዛው ወደ ፊት የወጣበት ርዝመት እና የሚያድነው የግድግዳ ቁመት እኩል ናቸው። ታዛው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከ2.70 ሜትር ግድግዳ የላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ይደርቃል፣ 2.10ው ይረጥባል። በረንዳው 1.80 ከሆነ የሚረጥበው የታችኛው 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያንን የድንጋይ መሠረቱ ይቀበለዋል፤ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መጋጠሚያው በሲሚንቶ የተደፈነ ከሆነ ለጭቃው የሚቀረው የአንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ታዛ የሌለው የአርፔል ግድግዳ ግን ከላይ እስከ ታች ይጠጣል።

በረንዳ ምን ያህል ያስወጣል ለሚል፦ 8 በ10 ሜትር ለሆነ ቤት ፊቱንና ሁለቱን ጎን 1.80 ስፋት ያለው በረንዳ ብናዞር 53 ካሬ ሜትር ይጨመራል። በ20 ዲግሪ ተዳፋት ወደ 40 ቆርቆሮ፣ በየ2 ሜትሩ ሲቆም 18 ቋሚ ይፈልጋል። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ቤቱ ራሱ 80 ካሬ ነውና። ከሌላው ጋር ግን ይመዘን። ያንኑ 80 ካሬ እንደ ቪላው በጠፍጣፋ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ብንከድነው፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 12 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ ክብደቱ 30 ቶን፣ ሲሚንቶው 42 ኩንታል ገደማ፣ ፌሮውና የሻተሩ ጣውላ ሳይቆጠር። ሶሌታውም ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀርም፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ካልተሰጠው ውኃ ይተኛበታል። በዓመት በ80 ካሬ ላይ 120,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ የሚወጣው በሁለት ቀዳዳ ከሆነና አንዱን ቅጠል ከደፈነው፣ ጣሪያው ገንዳ ይሆናል። ቀን በፀሐይ ማታ በቅዝቃዜ የሚሰነጠቀውን ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ሬንጅ ለጥቂት ዓመት ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ውጫዊ ደረጃም የራሱ ሂሳብ አለው። ለ2.70 ሜትር ከፍታ 16 እርከን በ17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ይወጣል። መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደረጃው 4.20 ሜትር መሬት ይይዛል፤ ከነማረፊያው ቤት ውስጥ ቢሆን 5 ካሬ ሜትር የሚሆን ክፍል በበላ ነበር። ውጭ ሲሆን ያ ቦታ ይተርፋል። ሌሊት በዝናብ ልጅ ታቅፎ መውረድ ግን ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ደረጃው ከታዛው ሥር እንጂ ከታዛው ውጭ አይሠራ።

እንዲህ ያለ የእንጨት ቤት የሚታመመው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው፤ ቋሚው ከወለል በሚገናኝበት። የላይኛው በረንዳ ጣውላዎች ተጣብቀው ከተመቱ ውኃው መጋጠሚያው ላይ ያድራል፤ በመካከላቸው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው፣ ወለሉንም ወደ ውጭ በሜትር 1.5 ሳንቲ ሜትር ማዘንበል ያስፈልጋል። የመሬቱ ቋሚ ከአፈር 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይቁም። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ ይግባ። ምስጥ በላሜራው ዞሮ መውጣት ካለበት የአፈር መንገዱን በግልጽ ይሠራል፤ በየወሩ የሚያይ ሰው በመጥረጊያ ይሰብረዋል። ላሜራው ምስጥን አይገድልም፤ ያጋልጠዋል።

እግሩ የበሰበሰ ቋሚ ሙሉውን መንቀል አያስፈልግም። ጣሪያውን በድጋፍ ማንሳት፣ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው እንጨት መቁረጥ፣ አዲሱን በሰያፍ መቀጠል ነው። የሰያፉ ርዝመት የቋሚውን ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሁን፦ ለ15 ሳንቲ ሜትር ቋሚ 45፤ በሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሰር። የጭቃ ግድግዳን ደግሞ በሲሚንቶ መለሰን በየሰፈሩ የሚታይ በደል ነው። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው አይከተለውም፤ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይቆይና አንድ ቀን እንደ ቅርፊት ይገፈፋል።

ማታ ለእማማ ግድግዳ የሚሆነው ጭቃ ተረገጠ። ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ነው፤ ጭዱ ሲሳሳ ይሰነጠቃል፣ ሲበዛ አይያዝም። በእጅ ተጠቅልሎ ከወገብ ከፍታ ሲጣል ሳይበተን የሚጠፈጠፍ ከሆነ ልኩ ነው። ወዲያው አይመረግም፤ እየረጠበና እየተረገጠ ሁለት ሳምንት ይቡካ። ሲሸት ደረሰ ማለት ነው፤ የበሰበሰው ጭድ ጭቃውን ያጣብቀዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ደርቆ ስንጥቁን ሁሉ ካሳየ በኋላ ሁለተኛው ይገባል፤ የመጨረሻው ልስን የተነፋ አፈርና እበት ነው። እኛ የምናየው መርገጡን ብቻ ነበር፤ የቀረውን የእማማ ልጅ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይጨርሰዋል።

ቅዳሜ፤ ከተማውና አሸንዳው

ጠዋት በከተማው ያሉትን በጣሊያን ወረራ ዘመን (1936–1941 እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ሕንፃዎች ለማየት በእግር ዞርን። ከአርፔል ቪላ ጋር የሚያመሳስላቸው ግንባሩ ነው፦ ጣሪያውን የሚደብቅ ቀጥ ያለ ግንብ፣ ከጀርባው የተሸሸገ አሸንዳ። ከመንገድ ጥርት ብሎ ያምራል። ግን የሚታይ አሸንዳ ሲሞላ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ የተደበቀው ሲሞላ ወደ ክፍሉ ይፈሳል። በእንዲህ ያለ ግንባር ላይ ከጣሪያው መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ጥቁር የሻገተ ጥላ ከታየ አሸንዳው ተደፍኗል ማለት ነው። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ኮርኒሱን ከማየቱ በፊት ይህን ከመንገድ ይይ። መፍትሔውም ርካሽ ነው፦ ግንባሩን ከአሸንዳው ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ በስቶ የትርፍ ውኃ ቧንቧ ማውጣት።

የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ይዟል። ለእንጨት ሰው ብዙ የሚማርበት ስለሆነ ከጅሬን በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ቤቱን ሳያዩ ዕቃውን ማየት ልኩን አያሳይም።

ቡና በጎዳና ላይ 25 ብር። ጨጨብሳ ለቁርስ 180፤ ማሩ ለብቻው ተጨምሮ መጣ፣ ሳይጠየቅ።

ዓሣው 4 ሰዓት ላይ ደርሶ ነበር። መልኩ እጅግ ያምራል፤ ቅርፊቱ አንድ በአንድ በመዶሻ የተመታ፣ ክንፉ የታጠፈ። ከአሸንዳው በኩል ያለው ቧንቧ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አፉ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ፣ የዓሣ አፍ ትንሽ ነው ተብሎ። በካሬ ሲሰላ የቧንቧው ስፋት ከአፉ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በአሸንዳው ጠርዝ ይፈስና ዞሮ ያው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። አንድ ባልዲ ውኃ ሲደፋበት ደግሞ ሆዱ አንጠበጠበ። ምክንያቱ ተገኘ፤ የእርሳሱ ብየዳ ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮው በደንብ አልተፋቀም፤ ቅባት ያለበት ላይ እርሳስ ይንከባለላል እንጂ አይያዝም።

ቀጥቃጩ አልተቆጣም። ሆዱን ፈትቶ፣ በአሸዋ ወረቀት እስኪያበራ ፍቆ እንደገና በየደው። አፉንም ቆርጦ ወደ ጎን ከፈተው፤ 14 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞላላ ሆነ፤ ይህ ከባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ ክብ ቧንቧ ጋር እኩል ስፋት አለው። መጀመሪያ የታሰበው ባለ ትንሽ አፍ ዓሣ መሆኑ ቀረ። ቀና ብሎ አየውና «አምባዛ ሆነ፤ የእኛ ወንዝ ዓሣ» አለ፤ ለተጨማሪው ሥራ ገንዘብ አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ ተሰቀለ። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘነብል መያዣዎቹ በክር ተስተካከሉ፤ ከሥሩ ድንጋይ ላይ የ200 ሊትር በርሜል ቆመ። ያኛው የጣሪያ ወገን 40 ካሬ ሜትር ስለሆነ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ 400 ሊትር ይሰጣል፤ ስለዚህ በርሜሉ ከላይ የትርፍ ቀዳዳ ተበስቶለት ጎማው ወደ ጎመኑ መደብ ተዘረጋ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ስለሚያጥብ ለልብስ እንጂ ለመጠጥ እንዳይወሰድ ለእማማ ተነገራቸው። «ይኼንስ ድሮም አውቃለሁ» አሉ።

ዝናቡ ማታ 1 ሰዓት ላይ መጣ። ዓሣው መጀመሪያ ቀጭን ዝገት መሳይ ውኃ አወጣ፣ ቀጥሎ ወፍራም። ግድግዳው ደረቅ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በርሜሉ ግማሽ ደረሰ፤ ከማዶ ሁለት ልጆች ጄሪካን ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ፣ እማማም ወንበር ሳቡላቸው።